ገና ስጠብቅ

ሰኞ

«ባዶ ገጽ» አለኝ። ቁልፉን ደግሜ መታሁት። «ባዶ ገጽ።» እንደ ሰለቸው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ። ጋሽ ይርጋ አጠገቤ ተቀምጠው አፍንጫቸውን ከስክሪኑ ጋር ሊያላትሙ ምንም አልቀራቸው። «ኧረ ምን ባዶ ነው፤ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጻፈበት ነው እንጂ» አሉ።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ።

በኋላ እንዳይምታታብኝ ለራሴም ቢሆን ላስቀምጠው። የጎንደሩ የዓይነ ስውራን ማኅበር ለመተማ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ኮምፒውተር ሊሰጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሰነድ መክፈቻ ፕሮግራም ይጫናል፤ መጽሐፉም፣ መጽሔቱም፣ መመሪያውም የሚነበበው በሱ ነው። ሦስት ፕሮግራም ላኩልኝ። ዓይን ለሌለው የሚሆነው የትኛው ነው፣ ዓይኑ ለደከመው የሚሆነው የትኛው ነው፣ ፈትኜ ቅዳሜ ለማኅበሩ ሰው ለአቶ ሙሉጌታ መንገር አለብኝ። አንዴ ከተጫነ መጥቶ የሚቀይረው የለም፤ ይሄን አገር አውቀዋለሁ።

እኔ በጆሮዬ እፈትናለሁ። ስክሪን ሪደር የሚሉት ድምፅ አለ፤ ፕሮግራሙ የሰጠውን ያነብልኛል፣ ይሄን ማስታወሻ ስተይብም ፊደል በፊደል ይከተለኛል። ጋሽ ይርጋ ደግሞ በቀረቻቸው ዓይን ይፈትናሉ። ኮኪት ሰሊጥ እርሻ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክተር ነድተው፣ አሁን ፊደሉ የጎማ ያህል ካልገዘፈ አይታያቸውም።

የፕሮግራሞቹ ስም ባዕድም ረጅምም ስለሆነብኝ የራሴን አወጣሁላቸው። ሽማግሌ ልከው ደጄ የቆሙ ሦስት ወንዶች ናቸው ብዬ ነው የማስባቸው። ምን ላድርግ፣ ስንት ዘመን በመጽሔት ላይ የሰው ትዳር ስጽፍ ኖሬ ሌላ ምሳሌ አይመጣልኝም።

ኩሩው፦ ፈጣን ነው። ጋሽ ይርጋ መልኩም ያምራል ይላሉ። «ባዶ ገጽ» ያለኝ እሱ ነው።

ዝምተኛው፦ ያንኑ ገጽ ከፈተና ጭጭ። ሞቶ ይሁን ተኝቶ አላወቅሁም።

ለፍላፊው፦ «ገጽ አንድ። ሥዕል። ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ማንበብ አልቻልኩም። ገጽ ሁለት። ሥዕል። ጽሑፍ ሊሆን ይችላል...» በሩን ሳይገባ ራሴን አዞረው።

ነገሩን ስናጣራ ለካ ገጹ በወረቀት የነበረ መመሪያ ፎቶ ተነስቶ የገባ ነው። ለዓይን ጽሑፍ፣ ለማሽን ሥዕል። እንግዲህ ሦስቱም ማንበብ አልቻሉም። አንዱ ግን ዋሸኝ፣ አንዱ ዘጋኝ፣ አንዱ ለፈለፈብኝ። እኔ እስካሁን ልቤ ያለው ከኩሩው ጋር ነው። መልከ መልካምና ፈጣን፤ የብዙ ሴት ስሕተት ከዚህ ነው የሚጀምረው ብዬ ስንቴ ጽፌ ይሆን።

ጌታሁን ቢኖር ይሄን ሁሉ ዛሬውኑ ለሱ ነበር የማወራው። ሰው አንድ ነገር ሲገጥመው «ይሄን ለማን ልንገር» ሲል ቀድሞ ትዝ የሚለው፣ ያ ነው ዘመዱ። የኔ ዘመድ ገዳሪፍ ነው ያለው፣ ከድንበሩ ማዶ።

ማክሰኞ

ሙቀቱ ታኅሣሥ ነው ብሎ አይራራም። ላፕቶፑ ራሱ ጭኔ ላይ አልቀመጥ አለ፤ ትራስ አስደገፍኩት።

ዛሬ የማኅበሩን የመፈተኛ መጽሔት ከፈትን። በሁለት ዓምድ የተሠራ ነው፤ በግራ ስለ ትዳር፣ በቀኝ ማስታወቂያ። ኩሩው ዓምድ የሚባል ነገር አያውቅም። ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ይሸመጥጠዋል። እንዲህ ሲል ሰማነው፦ «ሴት ልጅ ከባሏ የምትፈልገው ከነመለዋወጫው የተሟላ የውሃ ፓምፕ፣ ፍቅርና መከባበር በናፍጣ የሚሠራ፣ ሲጣሉም ቶሎ መታረቅ የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው።»

ጋሽ ይርጋ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ምኑ ተሳሳተ ታዲያ? የኔዋም የምትፈልገው ይሄንኑ ነበር» አሉ።

ዝምተኛው የግራውን አንብቦ የቀኙን እንደሌለ ቆጠረው። ለፍላፊው «ዓምድ አንድ፣ ዓምድ ሁለት» እያለ በየተራቸው አነበባቸው፤ ግን አርእስት ሲጀምር ይናገራል፣ ሲጨርስ ይናገራል፣ ሥዕል ሲያልፍ ይናገራል። ወሬኛ የምባለው እኔ እንኳ በዚህ ልክ አላወራም።

የጋሽ ይርጋ ተራ ሲደርስ ፈተናው ፊደል ማጉላት ነበር። በኩሩው ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ወጥቶ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ይጎትቱታል፣ ወደ ግራ ይመልሱታል። «ትልም እያወጣሁ ነው እንዴ የማነበው?» ብለው ተቆጡ። ዝምተኛው ትንሽ አጉልቶ አሻፈረኝ አለ። ለፍላፊው ግን መስመሩን እያጠፈ ከስክሪኑ ሳያስወጣ አሳበጠላቸው። ጀርባውንም ጥቁር፣ ፊደሉን ቢጫ አደረገላቸው። «ተማም» አሉ። ጠረፍ ላይ የኖረ ሰው ነገር ሲስማማው የሚላት የሱዳኖች ቃል ናት።

ካሳቀኝ ነገር ሁሉ በኋላ ግን ልቤ ባዶ ሆነ። መጽሔት በሌላ ድምፅ ሲነበብ ስሰማ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።

ጌታሁን ነበር የሚያነብልኝ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረው። ዓይኔ ደህና ሳለ ለመጽሔቱ የምልከውን በእጄ እጽፋለሁ፣ እሱ ይተይባል። በኋላ ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ፣ ሱቁን ዘግቶ አመሻሽ ላይ ይመጣና ደጄ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያነብልኛል፤ ጋዜጣውን፣ የአንባቢዎቼን ደብዳቤ፣ ቀን የተየበውን የሰው ማመልከቻ እንኳ ስሙን እየዘለለ። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ እኔም የሰው ትዳር ስጠግን የራሴ አልፎኛል። ከተማው የሚለውን ይበል፤ ወሬን ያሳደግኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ሲዞርብኝ አይገርመኝም።

የምንጣላው በነጥብ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ እህል ነጋዴ ጻፍኩ፦ «አገር የሚፈራው ሰው፣ እቤቱ ሲገባ ግን ይሰማል።» ሚስቱን ይሰማል ማለቴ ነው፣ አላልቼ። ሰውየው አጥብቆ አነበበው፤ እቤቴ እደመጣለሁ፣ እፈራለሁ ብሎ ኮራ። መጽሔቱን ገዝቶ ለወዳጅ ዘመድ አደለው። ሚስቱ ለጎረቤት ሁሉ አላልታ እያነበበች ስትስቅ ነው የነቃው። ጌታሁን ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥቶ «ይህቺን ሴትዮ አጥብቀህ ንገርልኝ» አለ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማድረግ ጀመርኩ፤ የሰዋስው አስተማሪያችን ያሳዩን ነገር ነው። ጌታሁን ሲተይብ ነጥቤን ይተዋታል። ለምን ስለው ያው መልስ ነው፦ «ነጥብሽን የት ላስቀምጣት? ቁልፍ የላትም።»

ባለፈው ግንቦት ገዳሪፍ ያለው ወንድሙ ማተሚያ ቤት ከፍቶ ጠራው። እዚህ ሥራው ሞቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ የራሱን ኮምፒውተር ያዘ። ሊሰናበተኝ የመጣ ዕለት ማኅበሩ የሰጠኝ ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ዳሰስ አደረገውና «ይሄ ካነበበልሽ እኔ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ። «አንተማ ታርመዋለህ» አልኩት። ስቆ ሄደ።

ረቡዕ

ሲሄድ ፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ለመጽሔቱ የጻፍኳቸው፣ በሱ እጅ የተተየቡት ሁሉ ውስጡ አሉ። «ማሽኑ ያነብልሻል፤ የራስሽን ድምፅ እንዳትረሺ» ብሎኝ ነው። እስከዛሬ አልከፈትኩትም ነበር። ፈራሁት መሰለኝ። ዛሬ ለፈተናው እንጠቀምበት ብዬ ለራሴ ሰበብ ፈጠርኩና ሰካሁት።

ኩሩው፦ «ኤፍ፣ ዜድ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ትንሹ ኤም፣ የዶላር ምልክት...»

ዝምተኛው፦ አንድ ጊዜ «ኤክስ» አለና ጠፋ።

ለፍላፊው፦ «ገጽ አንድ። አርእስት። ኤፍ፣ ዜድ፣ የጥያቄ ምልክት። ቋንቋው አልታወቀም።»

«ህንድኛ ነው?» አሉ ጋሽ ይርጋ። ራሳቸው አጉልተው ሲያዩት ግን ቁልጭ ያለ አማርኛ ነው። ቀስ እያሉ፣ ቃል በቃል አነበቡልኝ፦ «ባሎች... ሆይ... እስቲ... ዛሬ... እንነጋገር።» የኔ ነው። የኔው አጻጻፍ ነው። ለዓይን አለሁ፣ ለጆሮ ኤፍና ዜድ ነኝ።

ሦስቱንም እየቀያየርኩ፣ እየዘጋሁ፣ እየከፈትኩ ዋልኩ። ቅንብራቸውን ነካካሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ጋሽ ይርጋ ሞተር አልነሳ ሲላቸው ያደርጉት እንደነበረው አንዴ መታ መታ አደረጉት፤ እኔም አልከለከልኳቸውም።

ምሳ አልበላሁም። ሰው ምሳ የሚተወው በሰው ነው እንጂ በፕሮግራም አይደለም። ለራሴ አልዋሽም።

ሐሙስ

ጠዋት ለአቶ ሙሉጌታ ጎንደር ደወልኩ። ሳልጨርስለት ገባው። ጥፋቱ የፕሮግራሞቹ አይደለም አለኝ። ድሮ አማርኛ የምንተይብበት ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ የተደረበ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንግሊዝኛውን ነው፤ አማርኛው መልኩ ብቻ ነው። አሁን ያለው አዲሱ ፊደል ግን በራሱ አማርኛ ነው፣ ማሽኑም ያውቀዋል። አገሩ ሁሉ በድሮው ሲተይብ ስለኖረ እንዲህ ያለ ሰነድ መዓት ነው፣ እሱም ስንቱን ደብዳቤ እንዲሁ አጥቷል።

እኔ በራሴ ቋንቋ እንዲህ ተረዳሁት፦ የድሮው ጽሑፍ ነጠላ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ዓይን ነጠላውን ያያል። ማሽን ሰላም ሲለው ግን የሚመልስለት በፈረንጅኛ ነው።

አቶ ሙሉጌታ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ጎንደር ላይ የፈተኑት ሰዎች ኩሩውን እንደወደዱት ነገረኝ። ፈጣን ነው ብለዋል። «እርስዎም ከተስማሙ እንጨርሳለን» አለ። ቅዳሜ ይታያል አልኩት።

አሁን ይሄን ለጌታሁን እንዴት ይነገራል? ያን ሁሉ ዓመት የተየበው፣ ሰብስቦ የሰጠኝ ስጦታ፣ ለኔ አይነበብም ብዬ? ሦስት ጊዜ ጀመርኩ።

አንደኛው ረጅም ነበር፤ ስለ ፊደል ታሪክ ያስተምራል። አጠፋሁት።

ሁለተኛው «ናፍቀኸኛል» ይላል። ማሽኑ ፊደል በፊደል ሲደግምልኝ እንደ ፖሊስ ቃል መስጠት ሆነብኝ። አጠፋሁት።

ሦስተኛውን በኢሜይል ላክሁት፦ «ፍላሽህን ከፈትኩ። በድሮው ፊደል ስለተተየበ ማሽኔ አያነበውም። አንተ ምንም ጥፋት የለብህም። እንዴት ነህ?»

ሞደሙን ነቅዬ ደጅ ወጣሁ። ሰሊጥ የጫኑ ኤፍኤስአር የጭነት መኪኖች በመንገዱ ላይ እየተንገጫገጩ ያልፋሉ። ከአብርሃ ጅራና ከሽንፋ እርሻ የሚመለሱት ሠራተኞች ደሞዛቸውን ይዘው ወደ ደጋ ሊሳፈሩ መናኸሪያውን ሞልተውታል። የጎጃሙም የወሎውም አነጋገር በጆሮዬ ያልፋል። ሁሉም የሚለው ያው ነው፤ ለበዓሉ እቤት መግባት። ወደዚህ የሚመጣ የለም፣ ሁሉም የሚሄድ ነው።

ዓርብ

መለሰልኝ።

ጌታሁን ድሮም ሰላምታ እንኳ ሲልክ ገጽ አበጅቶ፣ አርእስት ሰጥቶ፣ ራስጌና ግርጌ አድርጎ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖበት። ስለዚህ መልእክቱ ራሱ ሰነድ ነው። በሦስቱም ከፈትኩት። ለሥራ ነው ብያለሁ።

በአዲሱ ፊደል ነው የተየበው። ከሄደ ጀምሮ ቃሉን በጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፁ የማሽን ነው፣ አነጋገሩ ግን የሱ። አጭር ነው፦

«ዘነቡ ሆይ፣ ደህና ነኝ። እንደገና እተይብልሻለሁ፣ ሁሉንም። ገና እመጣለሁ።»

ኩሩውም፣ ዝምተኛውም፣ ለፍላፊውም አንድ ዓይነት አሉ። ገና፣ አላልተው። ልክ «ጊዜ አለው፣ አትቸኩዪ» እንደሚባለው ገና።

መጀመሪያ ልቤ ወደቀ። ገና እመጣለሁ፤ አንድ ቀን፣ ወደፊት፣ ሲሆን። ሰው ሲሸሽ የሚላት ቃል ናት። ከዚያ ቀና አልኩ። ማሽኑ እኮ ማጥበቅ አያውቅም። አንድም ቃል አጥብቆ ሰምቼው አላውቅም፤ ሁሉን ያላላል። ቢጠብቅስ? ገና፣ በዓሉ። ለበዓሉ እመጣለሁ ማለቱ ቢሆንስ? ጾሙ ሊፈታ እኮ ጥቂት ነው የቀረው።

ጋሽ ይርጋን አስጠራሁና እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ዓይን ያለው ሰው ይለየዋል ብዬ። አጎሉት፣ አጠቆሩት፣ አቀለሙት። «ሁለት ፊደል ነው ልጄ። ገ አለ፣ ና አለ። ከዚህ ሌላ ምን ልይልሽ?»

እውነታቸውን ነው። ዓይን ቢኖረኝም ያው ነበር። ግን ልዩነት አለው። ወረቀት ላይ ሳየው ሁለቱም ገና አብረው ይቀመጡ ነበር፤ ልቤ የፈለገውን እስኪመርጥ ይጠብቁኝ ነበር። ማሽኑ ግን ሳይጠይቀኝ መረጠልኝ።

እዩት እስቲ፤ ፊደልም «ጠበቀ» ይባላል፣ ሰውም «ጠበቀ» ይባላል። እኔ እንግዲህ ሁለተኛዋ ነኝ።

«ደውዪለት» አሉኝ ጋሽ ይርጋ። አልደውልም አልኳቸው። «ኩራት ነው?» አሉ። ኩራት አይደለም። በጽሑፍ ያለው ገና ሁለት ነው፤ አንዱ የኔ ነው። ደውዬ በገዛ አፉ ካላላው ሁለቱንም አጣለሁ። ይሄን አልነገርኳቸውም። የነገርኳቸው ካርድ የለኝም ብዬ ነው።

«የኔን ውሰጂ።»

«ሱዳን አይደውልም።»

«አንቺ ሴትዮ» አሉኝ፣ «የሰው ፍቅር በመጽሔት ስትፈቺ እንዲህ አልነበርሽም።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ አንዲት መስመር ላክሁለት፦ «የትኛው ገና?» ከላክሁት በኋላ ነው የሳቅኩት። ጥያቄዬም እኮ ያው ሁለት ፊደል ነው። እሱም እዚያ ቁጭ ብሎ፣ የትኛውን ነው የጠየቀችኝ ይል ይሆናል።

ቅዳሜ

እየተጣደፍኩ ነው የምተይበው፤ ማሽኑ ስሕተቴን ሁሉ እየጮኸ ይነግረኛል። ይጩህ።

አቶ ሙሉጌታ ከጎንደር በአውቶቡስ መጣ። በነጭ በትሩ እየመታ ራኩባዬ ሥር ገባ። እሱም እንደኔ አያይም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ጋሽ ይርጋ ቀድመው ተቀምጠዋል። ሦስቱን ፕሮግራሞች በተራ ከፈትኩለት፣ ያገኘሁትን ነገርኩት፤ የውሃ ፓምፑን ሲሰማ ሳቀ። ቢሆንም ወደ ኩሩው እንዳዘነበለ ይሰማኛል። ለፍላፊው ጆሮ ያደክማል፣ ተማሪ ይሰለቻል አለ። እኔም ለመከራከር በቂ ነገር አልነበረኝም። ጋሽ ይርጋ ብቻ «ለዓይኔ የተስማማኝ እሱ ነው» አሉ።

ይሄኔ ላፕቶፑ ደወል አሰማ። ደብዳቤ ገባ። ከጌታሁን፣ ሰነድ ያለበት።

ልዘጋው እጄን ስሰድ አቶ ሙሉጌታ ቀደመኝ። «ጥሩ፣ አሁን በመጣው ይፈትኑልኝ። ለፈተና ከተዘጋጀ ሰነድ፣ ሰው ለሰው የጻፈው ይሻላል» አለ። የግል ነው ልለው ነበር። ጋሽ ይርጋ ግን «የቢሮ ነገር ነው፣ ክፈቺው» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። እኚህ ሽማግሌ ሳያሳፍሩኝ አይውሉም።

ኩሩው፦ «ገና እመጣለሁ።» አላልቶ። ያው የትናንቱ።

እንግዲህ ጥያቄዬ አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ያው ነው አልኩ። ፊቴ ጋለ። አቶ ሙሉጌታ ጨዋ ሰው ነው፤ «ቀጣዩን» አለኝ።

ዝምተኛው፦ «እመጣለሁ።» ገናን ውጦ ተራመደ።

እዚህ ላይ ቀና አልኩ። ትናንት ገናን አልዋጣትም ነበር።

ለፍላፊው፦ «ገጽ አንድ። አርእስት፣ አንደኛ ደረጃ። ገና። ያልታወቀ ምልክት። እመጣለሁ።»

«ምን አለ?» አልኩ። ደግሜ መታሁት። ፊደል በፊደል እንዲሄድ አደረግሁት። ገ። ና። ያልታወቀ ምልክት።

ጋሽ ይርጋን እባክዎ አጉልተው ይዩልኝ አልኳቸው። ወንበራቸውን ጎተቱ። ሲያጎሉ፣ ሲያጎሉ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የጨርቅ ድምፅ ሰማሁ። በእጅጌያቸው እየጠረጉ ነው።

«ምን ያደርጋሉ?»

«ና አናት ላይ ዝንብ የጣለችው ነገር አለ» አሉ። «ጠረግሁት፤ አልለቅ አለኝ።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። «ሌላው ፊደል ላይስ አለ?»

«የለም። ና ላይ ብቻ። ክብ ናት፣ ትንሽ።»

«ቀስ ብለው ከሥር ያንብቡልኝ» አልኩ። ከአርእስቱ ሥር አንዲት መስመር ነበረች። ማሽኑ እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም። ጋሽ ይርጋ በትራክተር አንደኛ ማርሽ፣ ቃል በቃል አወጧት፦

«ቁልፏን... አገኘኋት።»

ማልቀሴን አቶ ሙሉጌታ ሰምቶ ይሆናል፤ ዓይነ ስውር ከዓይነ ስውር እንባ መደበቅ አይችልም። ጋሽ ይርጋ ምን ቁልፍ ነው፣ ምን ጠፍቶ ነበር ብለው ሲጠይቁ ነገርኳቸው፤ የነጋዴውን፣ የነጥቡን፣ «ቁልፍ የላትም» የሚለውን። ነጥብ ካለ ይጠብቃል። ከጠበቀ በዓሉ ነው። ለበዓሉ ይመጣል።

ከዚያ አቶ ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ወደ ሥራው እንመለስ» አለ። «ውሳኔዎ ምንድን ነው ወይዘሮ ዘነበች?»

አሁን መከራከሪያ ነበረኝ። እንዲህ አልኩት፦ «ሦስቱም ነጥቧን አላወቋትም። ኩሩው ያላወቀውን የለም ይላል። ሰኞ ዕለት የሞላ ገጽ ባዶ ነው አለኝ፣ ዛሬም ነጥብ የለም ብሎኝ አለፈ። ዝምተኛው ያላወቀውን ይውጣል። ለፍላፊው ግን እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ፣ እኔ ነኝ ያላወቅሁት ይላል። ይሄን ካለኝ ሰው እጠይቃለሁ። የለም ካለኝ ግን ምኑን እጠይቃለሁ?»

አቶ ሙሉጌታ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ስቦ የለፍላፊውን ቅንብር ፈለገ። ለካ ልፍለፋውን መቀነሻ አለው፤ ሥዕሉንና ምልክቱን ብቻ እንዲናገር፣ አርእስት አልቋል ማለቱን እንዲተው። አምስት ቀን ሙሉ ራሴን ያዞረው በአንድ ቁልፍ ጸጥ አለ። ወንድ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ብዬ ልናገር ነበር፤ ተውኩት።

«ለመተማ ይሄኛው ይጫናል» አለ አቶ ሙሉጌታ። «ጎንደርም ስመለስ እንደገና እንዲያዩት አደርጋለሁ።»

«ተማም» አሉ ጋሽ ይርጋ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰነዱን እንደገና ከፈትኩት። ትናንት በድንጋጤ አላየሁትም እንጂ ለካ ሁለተኛ ገጽ አለው። ለፍላፊው «ገጽ ሁለት። አርእስት» ብሎ ጀመረ። የእህል ነጋዴው ጽሑፍ ነው፣ በአዲሱ ፊደል የተተየበ። ከዚያ ሁሉ መርጦ መጀመሪያ ይሄን እንደገና ተየበልኝ።

«አገር የሚፈራው ሰው» እስከሚለው ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን ዘጋሁት። የራሴን ጽሑፍ በራሴ ጊዜ፣ ማንንም ሳልለምን መስማት እችላለሁ፤ ስንት ዘመን የተመኘሁት ነገር ነው። ስለቻልኩ ነው ያቆየሁት። የቀረውን እሱ ያንብበው። ማሽኑ «ይሰማል»ን እንዴት እንደሚለው አውቃለሁ፤ እሱ እንዴት እንደሚለው ነው የናፈቀኝ።

ጭንቀቶቼ፦ ድንበሩ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይዘጋል። ለበዓሉ መኪና ይጠባል። ወንድሙ ሥራ በዛ ብሎ ያስቀረው ይሆናል። ራኩባው ጣራው ተበሳስቷል፣ ሣር ይፈልጋል። ድምፄ እንደ ድሮው ይሆን? እሱስ ሲያነብ መነጽር ጀምሮ ይሆን?

ጋሽ ይርጋ ጥላ ፍለጋ መጡ። ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞርኩና አንዴ እንደገና ይዩልኝ አልኳቸው። የማሽን ነገር አይታመንም፣ ማታውን ጠፍታ ብትሆንስ። ያለ ማጉረምረም አጎሉት፣ ተጠጉት፣ ትንፋሻቸው ስክሪኑን ሲነካው ይሰማኛል።

«ነጥቧማ አለች» አሉ። «እሷ የትም አትሄድም ልጄ። የሚመጣው ሰውየው ነው።»